ሜዳው ላይ ያላቆምናት መኪና

የልጅ ልጄ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ካለ አንድ ሆቴል ትሠራለች። ባለፈው ሰሞን ባልና ሚስት ፈረንጆች ቤት የተሸከመ መኪና ይዘው መጥተው ግቢው ውስጥ አርፈው ነበርና እንዳየው ወሰደችኝ። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ ሳይቀር አለው። ሴትዮዋ ግቢ ብላ በእጇ ጠራችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማዎቹን አየሁ። ታኮ አልተደረገላቸውም። ንገሪያቸው አልኳት ለልጅቷ። «አያቴ፣ ሜዳ ላይ እኮ ነው የቆመው» ብላ ሳቀች። ንገሪያቸው አልኩ ደግሜ። ነገረቻቸው፤ እነሱም ሳቁ፣ በትሕትና ነው የሳቁት። እኔ ግን ሳልገባ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ለምን እንዳልገባሁ ልጅቷ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ላይ ስህተት ይኖር ይሆናል። ነገሩ ላይ ግን ስህተት የለም።

በደርግ ጊዜ እኔና ባለቤቴ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ኖረናል። ለሽርሽር አይደለም። ባለቤቴ የከብት ክትባት ቡድን ሾፌር ነበር። የጭነት መኪና ነች፤ ከኋላዋ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራ ክፍል ተጭኖባታል። ሠራተኞቹ ካራቫን ይሏታል፣ የመንደሩ ሰው ቤት የተሸከመችው ይላታል። ውስጧ ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ የላምባ ምድጃ፣ ጥግ ላይ ደግሞ መድኃኒቱ የሚቀመጥበት፣ እሱም በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ነበር። ከታቢው ከፊት ጋቢና ውስጥ ይተኛል። ሰው ሁሉ ሐኪም ይለዋል። ሐኪም አልነበረም፣ ጥቂት ወር የሠለጠነ ጎልማሳ ነው፤ እጁ ግን ፈጣን ነበር፣ በሬው ሳያውቅ ወግቶ ያልፋል።

እኔ ሠራተኛ አልነበርኩም። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ ጋሞኛ ለማይሰማው ባለቤቴና ለከታቢው አስተረጉማለሁ። ሴቻ ያለው ጽሕፈት ቤት መኪናዋ ውስጥ መኖሬን ያውቃል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልጻፈውም። ያኔ ይህ ነገር ክፉ መሆኑ አልታየኝም።

መኪና ውስጥ መኖር ቤት ውስጥ እንደ መኖር አይደለም። ሰው ረስቶ የተወውን ነገር ቤት ይታገሳል፣ መኪና አይታገስም። ከመንቀሳቀሳችን በፊት ምድጃው መጥፋቱን በእጄ ዳስሼ አረጋግጣለሁ፤ በዓይን ማየት አይበቃም። ድስቱን በገመድ አስራለሁ። አንዴ ሳላስር ቀርቼ ከጨንቻ ቁልቁል ስንወርድ ድስት ሙሉ የጎመን ወጥ አልጋችን ላይ ተደፍቶ ሳምንት ሙሉ ጎመን ጎመን ሸተትን። ቆላ ወርደን ጫኖ አካባቢ ስናርፍ ደግሞ የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ለማቆሚያ ያማልላል፣ ግን ደጋው ላይ ሰማዩ ከጠቆረ እታች ፀሐይ ቢሆንም እዚያ አይቆምም። ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው፤ የደጋ ልጅ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች።

ጢሱን ግን እኔም አላውቀውም ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ላይ፣ አንድ ጉም የሸፈነው ከሰዓት በኋላ፣ ብርዱ አጥንት ሲገባ መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ ምድጃውን አነደድኩና ከባለቤቴ ጋር ጋደም አልን። ከታቢው ላምባ ሊወስድ በሩን ባይከፍተው ኖሮ ይህን የምጽፍ ሰው አልኖርም ነበር። ጭንቅላታችን ሊፈነዳ ደርሶ ጭቃው ላይ ተቀመጥን። ከታቢው «እትዬ፣ ከብት ማዳን ይበቃኛል፣ እናንተን ደግሞ አልከትብም» እያለ አሾፈብን። ከዚያ ወዲህ ብርድ ቢገድለኝም መስኮት ገርበብ ሳላደርግ እሳት አልነካሁም።

ባለቤቴ ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፣ ንግግር አያበዛም። ስለ መኪናዋ ግን አንድ የሚደጋግመው ነገር ነበረው። «ስትሄድ አትፍሪያት፣ ስትቆም ፍሪያት» ይለኛል። ስትሄድ እጄ መሪው ላይ ነው፣ ስትቆም ብቻዋን ነች ማለቱ ነው። ከዝግባ ያስጠረባቸው ሁለት ታኮዎች ነበሩት፤ ከልብሱ የበለጠ ይጠብቃቸው ነበር። ሞተር ሳያጠፋ ወርዶ ከጎማው ሥር ያደርጋቸዋል፣ በእግሩ ይመታቸዋል፣ ከዚያ ነው የሚያጠፋው። ቀጥሎ ብርጭቆ ውኃ ፍሪጁ ላይ ያስቀምጣል። ውኃው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ፍሪጁም አዘንብሏል፤ ያዘነበለ ፍሪጅ ደግሞ ነበልባሉ እየነደደም አያቀዘቅዝም፣ መድኃኒቱ ይበላሻል። ስለዚህ በየደረስንበት የመጀመሪያ ሥራችን ደልዳላ መሬት መፈለግ ነበር። የጋሞ ደጋ ላይ ደልዳላ መሬት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ሁሉም እርከን ነው፣ ሁሉም ቁልቁል ነው።

በሦስተኛው ዓመት በበልግ የእኔ መንደር ተራ ደረሰ። ከጨንቻ አለፍ ብሎ ነው። በሽታ ገብቷል ተብሎ የሰባት መንደር ከብት እዚያ እንዲሰበሰብ ታዟል። እኔ በመኪና ተቀምጬ ወደ ተወለድኩበት መግባቴ ነው፤ ነጠላዬን አጥቤ ለብሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም።

መንደራችን ውስጥ አንድ ደልዳላ ቦታ ብቻ አለ። ዱቡሻ ይባላል። ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ ጠብ የሚታረቅበት፣ ውሸት የማይነገርበት ሣር ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ ሣሩ አይታጨድም። ልጅ ሆኜ በላዩ ስንሮጥ እንኳ እናቴ ጆሮዬን ይዛ ነው ያወጣችኝ። ባለቤቴ ሜዳውን ሲያየው ፊቱ በራ። መሪውን ወደዚያ ሲያዞር እጁን ያዝኩት።

እዚህ አይቆምም አልኩት። ለምን አለ። ነገርኩት። ሁለት ቀን ብቻ ነው አለ፣ ለከብቶቻቸው ነው የመጣነው አለ፣ ሄደሽ ሽማግሌዎቹን ጠይቂልኝ አለ። አልጠይቅም አልኩ። ምክንያቴን በግልጽ ልጻፈው፦ አፍሬ ነው። የሰሜን ሰው አግብታ ሄደች የተባልኩት ልጅ በመጀመሪያ መምጫዬ የመኪና ጎማ ዱቡሻ ላይ ላውጣ ብዬ ልጠይቅ? መጠየቁ ራሱ ድፍረት መሰለኝ።

ከሜዳው ሃያ እርምጃ ያህል ወርዶ የአክስቴ ልጅ የእንሰት መደብ ነበር። እንሰቱን ነቅሎ ወስዶታል፣ መኪና ለማቆም ይበቃል፣ ትንሽ ብቻ ያዘነብላል። እዚያ አቁም አልኩት። ከወረደ በኋላ አፈሩን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና «ለስላሳ ነው» አለኝ።

«የምነግርህ እኔ ነኝ የአገሩ ልጅ» አልኩት።

ከዚህ በላይ አልተከራከረኝም። በቁልቁል በኩል ባሉት ጎማዎች ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍን፤ ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የዝግባ ታኮዎቹን ከፊት አደረጋቸው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ቀጥ አለ። ረካን።

እንሰት በተነቀለበት መደብ ውስጥ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ እንዳለ የአገሬ ሴት ሁሉ ታውቃለች። በቅጠል ተሸፍኖ፣ በአፈር ተደፍኖ ከላይ አይታይም። እኔም አውቃለሁ። ጉድጓዱ የት ጋ ነው ብዬ የአክስቴን ልጅ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ቤቱ እዚያው ነው፣ ድምፄን ከፍ ባደርግ ይሰማኛል። አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ኃይለኛ ዝናብ ዘነበና ወደ ቀትር አባራ። ባለቤቴና ከታቢው ከብቱ ወደ ተሰበሰበበት ወጥተዋል። እኔ ድንች ልጬ ጨርሼ ውኃ ልቀዳ ጀሪካን ይዤ ወረድኩ። ምንጩ ጋ ሳልደርስ ከኋላዬ የሰማሁት እንደ ትልቅ ሰው ማቃሰት ያለ ድምፅ ነበር። ዞር ስል የመኪናዋ አንድ ጎን ቀስ ብሎ ወደ መሬት ሲሰምጥ አየሁ። ድንጋዩን ጉድጓዱ ዋጠው። ቀስ ነው ያለችው፣ ያ ነው የማልረሳው፤ ደርሼ ልደግፋት የምችል እስኪመስለኝ ድረስ ቀስ አለች። ከዚያ የእርከኑን ካብ ደርምሳ ተገለበጠች። የፍሪጁ ነበልባል ላምባውን አገኘው። ሰው ቅጠልና ጭቃ ይዞ ሲሮጥ የቀረው ቆርቆሮው ነበር። መድኃኒቱ አብሮ ተቃጠለ። ገና ሦስት መንደር ነበር የተከተበው።

ሰው አልሞተም። ያን ዕለት ማታ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት በዚህ ነው። ያልገባኝ ነገር ብዙ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴን ወደ ሴቻ ወሰዱት። ቸልተኝነት ይሉታል ብለን ነበር የጠበቅነው። እነሱ ግን አሻጥር አሉት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ የተነጠፈ ሜዳ እያለ ስንት ዓመት የነዳ ሾፌር ቁልቁለት ላይ ለምን ያቆማል? ሆን ብሎ ካልሆነ በቀር ለምን? ከታቢው በጻፈው ሪፖርት ላይ «በአቅራቢያው ደልዳላ ሜዳ ነበር» የሚል ቃል አለ። ውሸት አይደለም። ምክንያቱን ያውቅ ነበር፣ እሱን አልጻፈም። በኋላ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ላይ አግኝቼው ለምን አልኩት። የልጆቹን ቁጥር ነገረኝ። አልሰደብኩትም፤ ልሰድበው ነበር የሄድኩት።

ስንቅ ሳቀብል አንድ ቀን ባለቤቴን በአጥሩ በኩል እንዳነጋግረው ፈቀዱልኝ። ጺሙ አድጓል። መጀመሪያ የጠየቀኝ ታኮዎቹ ተርፈው እንደሆነ ነው። ተቃጥለዋል አልኩት።

«ሜዳው ላይ ለምን አላቆምክም ሲሉህ ምን አልክ?» አልኩት።

«አላየሁትም አልኩ።»

«ያን የሚያህል ሜዳ? ማን ያምንሃል?»

«ማንም» አለ። «ሽማግሌዎቹ ከለከሉን ካልኩ ግን ያምኑኛል። ሄደው ያመጧቸዋል። አንቺም ዝም በይ።»

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ያኔም አልነበርኩም። በማግስቱ ወደ መንደሬ ወጣሁ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው አጎቴ ነው፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም። ደጃፉ ላይ ቀርከሃ እየሰነጠቀ አገኘሁት። የመጣሁበትን ነገርኩት፤ ሴቻ መጥተው ቦታው በባህላችን እንደማይረገጥ ቢመሰክሩ ምናልባት ባሌ ይለቀቅ ይሆናል አልኩ። ለእነሱም አደጋ እንዳለው አልደበቅኩም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ኋላ ቀር ባህል ይባል ነበር፤ በሌላ መንደር በዚህ ምክንያት የታሠሩ ሽማግሌዎች አሉ።

አጎቴ ቢላዋውን አስቀመጠ። በጋሞኛ የተናገረውን እንደተናገረው አስቀምጠዋለሁ።

«ልጄ፣ እኛ አልከለከልንሽም። ለከብታችን የመጣ መኪና ነው። ብትጠይቂን እርጥብ ሣር ይዘን ወጥተን፣ መርቀን እናስገባት ነበር። የመጣችሁ ዕለት ጠዋት ተሰብስበን ስንጠብቅሽ ነበር። ለምን ቁልቁል እንዳወረድሻት ገርሞን ነበር።»

ወደ ሜዳው ዞርኩ። ዱቡሻው ከደጃፉ ይታያል፤ ሣሩ ዝናብ ጠግቦ ያብረቀርቃል። እኔ የጠበቅኩትን ሕግ ባለቤቶቹ ራሳቸው አይጠብቁትም ነበር ማለት አይደለም፤ ይጠብቁታል፣ ግን ለሰው ብለው እንዴት እንደሚከፈት ያውቁታል። እኔ የማውቀው መዘጋቱን ብቻ ነው፤ ልጅ ሆኜ ጆሮዬ ላይ የተማርኩትን ብቻ።

አጎቴ ከፈለግሽ እሄዳለሁ አለኝ። ምን ብለው ይመሰክራሉ አልኩት። እውነቱን፣ አልከለከልንም እላለሁ አለ። ያ እውነት ደግሞ ባሌን የባሰ ያስቀጣው ነበር። ይቅር አልኩት።

የቀረኝ ራሴ ነበርኩ። ፍርድ ማለት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለይቶ ለዚያ ሰው መስጠት ነው ብዬ አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቦታውን የመረጥኩ እኔ፣ መሬቱ ለስላሳ ነው ሲለኝ ያልሰማሁ እኔ፣ ስለ ጉድጓዱ ያልጠየቅኩ እኔ። ሴቻ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አራት ቀን ተመላልሼ በአምስተኛው ገባሁ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ወጣት ነው፣ ክፉ ፊት የለውም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሽማግሌ የሚል ቃል ሳላነሳ፣ ማንም አልከለከለኝም፣ በራሴ ነው ብዬ። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት አገላበጠ።

«ጓዲት፣ እዚህ ላይ ስምሽ የለም» አለኝ። «በመኪናው ሾፌርና ከታቢ ነበሩ።»

«እኔም ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በላይ ነበርኩ። እናንተም ታውቃላችሁ» አልኩት።

ብዕሩን አነሳና ሳይጽፍ ያዘው።

«ነበርኩ ካልሽ እጽፈዋለሁ። ያልተፈቀደለትን ሰው በመንግሥት ንብረት ውስጥ ማሳደር ይባላል። እሱ ላይ ነው የሚጨመረው፣ አንቺ ላይ አይደለም። ልጻፈው?»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ተሟግቻለሁ። የውኃ ወረፋ የዘለለብኝን፣ ሚዛን ያጎደለብኝን፣ የጎረቤቴን አጥር የገፋውን ሁሉ ተሟግቼ ብዙውን አሸንፌያለሁ። ያን ቀን ግን የምይዘው ጫፍ አጣሁ። አይጻፍ አልኩ። ይህን ቃል በአፌ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠና የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራ።

ባለቤቴ ዓመት ከምናምን ታሠረ። ከዚያ ሾፌር ስለሆነ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይዘምት አሉ፤ ወደ አገሩ በኩል ነው የላኩት። ሳይሄድ ለአንድ ሰዓት አገኘሁት። ሽማግሌዎቹ ይፈቅዱልን እንደነበር ልነግረው አስቤ ሄጄ አልነገርኩትም። ለሽማግሌዎች ብሎ ዝም ያለ እየመሰለው ይሂድ አልኩ። ይህም ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። የመጣ ደብዳቤ አንድ ነው፣ በሰው እጅ ያስጻፈው፤ ትልቅ የጭነት መኪና እንደሚነዳና ቁልቁለቱ ከጨንቻ እንደማይብስ ይላል። ደርግ ወድቆ ወታደር ሁሉ ሲመለስ ሲቀላ መናኸሪያ ለአንድ ክረምት ያህል በየቀኑ ሄጃለሁ። ከሰሜን የሚመጡትን ጠየቅኩ። የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም። ከዚያ መሄዱን ተውኩ። እሱ ታስሮ ሳለ የወለድኳት ልጃችን ያኔ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸኛው ባለቤቴ ገና እስር ቤት ሳለ የሆነ ነው። ያልተከተቡትን አራት መንደሮች በሽታው አገኛቸው። አጎቴ ሁለት ላሞች ሞቱበት። ይህን ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ ሌላ መኪና ሰጠ፣ ያው ከታቢ መጣ፣ ሾፌሩ ግን አዲስ ነው። ሰው ነገረኝና ከአርባ ምንጭ ወጣሁ። ስደርስ መኪናዋ ዱቡሻው መሐል ቆማለች። ሽማግሌዎቹ ሣር ይዘው ወጥተው መርቀው አስገብተዋታል። ከታቢው ማንም ሳይነግረው «ሜዳው ላይ ሳንገባ ፈቃድ እንጠይቅ» ብሏል አሉ። ካየኝ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ።

ሾፌሩ ከብቱ ጋ ነበር። ጎማዎቹን አየሁ፤ ታኮ አላደረገም። ከዱቡሻው ዳር አንድ ድንጋይ ፈልጌ፣ ተሸክሜ ሣሩ ላይ ገባሁ። ማንም ጆሮዬን አልያዘም። ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር አስገብቼ፣ ባለቤቴ ያደርገው እንደነበረው በእግሬ መታሁት። ብርጭቆ ውኃ ቢያስቀምጡበት ውኃው አይነቃነቅም ነበር፤ መሬቱ ቀጥ ያለ ነው። ድንጋዩ የሚይዘው ነገር አልነበረም።